ማርክ የሌለው ትምህርት

ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠች ሴት አለች። ተማሪዎቹ ከኋላዋ «ማዛመጃ» ይሏታል። ታውቃለች፣ ግን ቅር ብሏት አያውቅም። ሥራዋ እኮ እሱ ነው። አንድ ተማሪ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሲመጣ፣ ያ የተማረው እዚህ ካለው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የምትወስነው እሷ ናት። ይሄ ይያዝልሃል፣ ይሄ አይያዝልህም፣ ይሄን እንደገና ትማረዋለህ። ስንቱን አስለቅሳለች፣ ስንቱን ኮሪደር ላይ አስጨፍራለች።

አሠራሯን የወረሰችው ከእናቷ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መጀመሪያ ልኩን በወረቀት ይቆርጡና ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አንጥፈው በሳሙና ቁራጭ ዙሪያውን ያሰምራሉ። እሷም ሁለት ኮርስ አውትላይን ጎን ለጎን ትዘረጋና፣ የዚህኛውን አንደኛ ሳምንት ከዚያኛው ሳምንት ጋር በቀይ እርሳስ ታገናኛለች። የኮርሱን ስም ዞር ብላ አታየውም። «ስሙን ተወው፣ ውስጡን አሳየኝ» ነው የምትለው።

ራሷ ግን የትም ሄዳ አታውቅም። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ እራት ላይ ሲተርባት ደስ ይለዋል። «ከወንበርሽ ሳትነሺ ዓለምን ዞረሽ ጨረስሽው» ይላታል። «እኔ ቀኑን ሙሉ እየነዳሁ ያው አስራ አንድ ፌርማታ ነኝ።»

እስከ አምና ድረስ አንድ ሴሚስተር ውጭ አገር መማር የፈለገ ተማሪ እዚህ ትምህርቱን አቋርጦ ነበር የሚሄደው። ሲመለስ ጓደኞቹ ቀድመውታል። ስለዚህ የሚሄደው ጥቂት ነው፣ ሌላው አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ ያያል። ማዛመጃ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጨቀጭቅ ከርማ ነበር፤ ውጭ የሚማሩት ሴሚስተር የዲግሪው አካል ይሁን፣ ሄደው ይመለሱ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ይመረቁ እያለች። ዘንድሮ ሰሟት። በውሃ ምህንድስና ይጀመር ተባለ። የመጀመሪያው ተማሪ በሰዓቱ ከተመረቀ ሌሎቹም ትምህርት ክፍሎች ይከተላሉ፣ ካልሆነ ሐሳቧን የጻፈችበት ወረቀት ወደ መሳቢያው ይመለሳል። ያን ቀን በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ነው የወጣችው።

የመጀመሪያዋ ተማሪ ሦስተኛ ዓመት ናት፣ የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ፣ ክፍሏ ውስጥ «ቀጭኗ» የሚሏት። የውጭው ዩኒቨርሲቲ ተቀብለንሻል ያላት ቀን ደብዳቤውን በሁለት እጇ ይዛ መጣች፣ ውሃ የሞላ ሳህን የተሸከመች ነው የምትመስለው። አባቷ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነብበዋት፣ ከዚያ ወጥተው ለሰፈሩ ሁሉ እንደነገሩ አወራቻት። ሁለቱም ሳቁ። አምስት ኮርስ ነበር የሚዛመደው፣ አምስቱም ልክክ አለ። አምስቱም የሚሰጡት በሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ስለሆነ፣ ጉዞውን እዚያው ላይ አደረገችው። የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ማጽደቅ ብቻ ነበር የቀረው።

ጉባኤው ሊቀመጥ አራት ቀን ሲቀረው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስጠራት። ጸጉሩ የሸሸ፣ ጫማው ሁሌ ጭቃ የነካው ዶክተር ነው። ወረቀቷን እያገላበጠ፣ በጣም ቆንጆ ሥራ ነው አላት። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«የመስክ ልምምዱስ?»

ማዛመጃ ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ እንደገና አገላበጠችው። የለም።

የመስክ ልምምድ ማለት ተማሪዎቹ ስድስት ሳምንት ወንዝ ዳር ሰፍረው ውሃ የሚለኩበት ነው። በዓመት አንዴ፣ በዚያው በሁለተኛው ሴሚስተር ብቻ ይሰጣል። ያልወሰደ ወደ አራተኛ ዓመት አያልፍም፣ አይመረቅም። ግን ማርክ የለውም፣ የመስክ ደብተሩ ላይ ማህተም ብቻ ነው የሚመታው። ማርክ ስለሌለው ደግሞ የውጤት ወረቀት ላይ አይወጣም። እሷ አስራ ዘጠኝ ዓመት ያየችው የውጤት ወረቀት ነው። አይኗ የለመደው ማርክ ያለውን ብቻ ሆነና፣ ማርክ የሌለው ከፊቷ ተሰወረ። ልጅቷ ከሄደች ልምምዱ ያልፋታል፣ ሌላ ዓመት ሙሉ ትጠብቃለች። ሳትዘገይ ትመረቃለች የተባለው ነገር ውሸት ሊሆን ነው።

ለልጅቷ ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈለገችም። ራሷ ጠርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ነገረቻት። ቀጭኗ አላለቀሰችም። የቦርሳዋን ማንገቻ ብቻ ጠመዘዘችው።

«እትዬ፣ ታድያ አልሄድም ማለት ነው?»

«እንደዛ አላልኩም። እስከ ሐሙስ ስጪኝ። ለአባትሽ ምንም እንዳትነግሪያቸው።»

የውጭው ዩኒቨርሲቲ ኮርሶቹንና ደንቦቹን የያዘው መጽሐፍ ሁለት መቶ አስራ አራት ገጽ ነው። የኮርሶቹን ክፍል አንዴ ጨረሰችው፣ ልምምድ የሚመስል ምንም የለም። ደገመችው፣ ምንም የለም። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ዳቦዋን እየገመጠች ድንገት አንድ ነገር መጣላት። እዚያም እኮ እንደኔ ያለች አንዷ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፣ አለች በሆዷ። እሷስ ማርክ የሌለውን ነገር የት ነው የምትወረውረው? እኔ የት ነው የምወረውረው? መጨረሻ ላይ ነዋ። ኮርሶቹ ካለቁ በኋላ፣ ማንም የማያነበው ቦታ።

ዳቦውን አስቀምጣ መጽሐፉን ከጀርባው ገለጠችው። የቤተ መጻሕፍት ቅጣት አለ። የብስክሌት ማቆሚያ ደንብ አለ። ከሱ ስር በደቃቅ ፊደል፣ የውሃ ተማሪዎች አስራ ሁለት አርብ ከጠዋት እስከ ማታ ወንዝ ላይ ይለካሉ፣ በማስታወሻ ይመዘግባሉ፣ ኃላፊው ይፈርምበታል፣ ማርክ የለውም ይላል። ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትመታው የጎረቤቷ ሻይ ተደፋ። ጎረቤቷ ምን ነካሽ ስትላት ማዛመጃ የለችም፣ ወደ መዝገብ ቤቱ እየሮጠች ነው።

ለምን ብትሉ፣ አንድ ነገር ቀርቷታል። የዚህኛው ልምምድ ሰላሳ የሥራ ቀን ነው፣ የዚያኛው አስራ ሁለት። ዶክተሩ ቀን መቁጠሩ አይቀርም። ስለዚህ አምና ከተመረቁት የአንዱን ተማሪ የመስክ ደብተር አወጣችና ቀን በቀን አነበበችው። ሐሙስ ጠዋት ደብተሩን ይዛ ዶክተሩ ፊት ቆመች። እንደጠበቀችው፣ ሰላሳ ከአስራ ሁለት ጋር እንዴት ይገጥማል አላት።

«ዶክተር፣ ይሄን ላንብብልዎት» አለችና ጀመረች። «አንደኛ ቀን፣ ጉዞ። ሁለተኛ ቀን፣ ድንኳን ተከልን። ሦስተኛ ቀን፣ ጀልባው አልመጣም። አራተኛ ቀን፣ ጀልባው አልመጣም። አምስተኛ ቀን፣ ጀልባው መጣ፣ ሞተሩ የለም።»

ዶክተሩ አፉን በእጁ ሸፈነ። ጀልባውን የተከራየው እሱ ራሱ ነበር።

«ውሃ የተለካበትን ቀን ቆጥሬዋለሁ» አለች ማዛመጃ። «አስራ አንድ ነው። እነሱ በአንድ ቀን ይበልጡናል።»

ዶክተሩ ሳቁ እንባ በእንባ አደረገው። ሲበርድለት ግን ቆጣ ብሎ፣ እንደሚፈርሙላት በጽሑፍ አምጪልኝ፣ አለበለዚያ ጉባኤው ፊት አልቆምም አላት። ያኔውኑ ለዚያኛው ቢሮ ኢሜይል ጻፈች። ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። አዎ እንፈርማለን፣ ማህተምም አለን ይላል። ከስር ደግሞ፣ በዚህ ወንበር ላይ አስራ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ያቺን ገጽ አንብቦ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው አንቺ ነሽ የሚል ተጨምሮበታል። ማዛመጃ እሱን እየደጋገመች አነበበች። እውነትም እዚያ አንዷ ነበረች።

አርብ ጉባኤው አጸደቀው። ቀጭኗ ኮሪደር ላይ ስትሰማ ያን ሁሉ ሰው ትታ ማዛመጃ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ አባቷ ጋ ደወለችና፣ ማውራት ሲያቅታት ስልኩን ለማዛመጃ ሰጠቻት። አባትየው ከወዲያ ሆነው የሚሉት ጠፍቷቸው፣ እርሶ ቤት የሚያፈስ ቧንቧ ካለ እኔ አለሁ አሏት።

አዲሱ የዲግሪ መጽሐፍ ሲታተም የመስክ ልምምዱን ከጀርባ አንስታ ሴሚስተሩ ውስጥ፣ ከአምስቱ ኮርሶች ጋር የራሱ መስመር ላይ አስገባችው። እዚህ ወይም ውጭ አገር የሚወሰድ ብላ ጻፈችበት።

ቀጭኗ ከሄደች በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የመስክ ደብተሯን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችላት። ጥጉ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ፈሷል፣ ከስር ፊርማ አለበት። ማዛመጃ አተመችው። የአምናውን ደብተር አጠገቡ ዘረጋች፣ ጀልባው ያልመጣባቸውን ቀናት ዘለለችና ቀይ እርሳሷን አነሳች።