ሲኞራዋ ያጻፉኝ ወረቀት

ስቶክሆልም ከመምጣቴ በፊት ጣሊያን አገር፣ በአንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ፣ በአገሩ ወግ ሲኞራ የምላቸውን አንዲት አሮጊት እየተንከባከብኩ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። የከተማዋን ታሪክ ጠንቅቄ አውቃለሁ ብል ጉራ አይሆንብኝም። የተማርኩት ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሞት ማስታወቂያ ነው።

እዚያ ሰው ሲሞት ስሙ በትልቅ ወረቀት ታትሞ በየግድግዳው ይለጠፋል። ዕድሜው፣ የቀብሩ ሰዓት፣ ከታች ደግሞ የሐዘንተኞቹ ስም ይዘረዘራል። ሲኞራዋ ዓይናቸው ስለደከመ በየጠዋቱ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ከግድግዳ ግድግዳ እወስዳቸው ነበር። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያብራራሉ። ከተማው በሙሉ በአምስት ስድስት የቤተሰብ ስም ስለሚጠራ፣ ሟቹ ከሌላ እንዳይምታታ ቅጽል ስሙም አብሮ ይታተማል። "ዓሣ የማይበላው" የሚል አንብቤ ስስቅ፣ ሰውየው አባቱን ባሕር ከወሰደበት ቀን ጀምሮ ዓሣ በአፉ እንዳልዞረ ነገሩኝ። ሳቄን ዋጥኩ። ዛሬ ሆቴል የሆነው ቤት ሰርዲን በጨው የሚታሸግበት እንደነበር፣ ኮረብታው ላይ ያለው ግንብም የባሕር ወንበዴ ሲመጣ ደወል ይደወልበት እንደነበር የሰማሁት እንዲሁ ወረቀት ሥር ቆመን ነው። ወደ ባሕሩ የሚወርድ አንድ ጠባብ መንገድ በእኛ አገር ከተማ ስም ይጠራል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ድሮ ተልከው የሄዱ ወንዶች ነበሩ። የተመለሱት ስለዚያ አያወሩም" አሉና ወደ ሌላ ግድግዳ ግፊኝ አሉኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጡኝ። የራሳቸውን ማስታወቂያ ሊያጽፉኝ ነው። አንድ ልጃቸው ሮም ይኖራል፤ እሱ ላይ ከተጣለ ማተሚያ ቤቱ ለሁሉም የሚሰጠውን ቃል እንደሚያስለጥፍ ያውቁታል። ዕድሜዬ አይጻፍ አሉ። ከስማቸው ቀጥሎ "መረብ ጠጋኟ" እንዲባል ፈለጉ፤ በወጣትነታቸው የዓሣ መረብ ይጠግኑ ነበር፣ ልጃቸው ግን በዚህ ቅጽል ስም ያፍራል። ከሐዘንተኞቹ መጨረሻ ደግሞ የእኔን ስም አስገቡ።

"እኔን ለምን?" አልኳቸው።

"በየቀኑ የሚያነብልኝ ማን ሆነና!" ብለው ተቆጡ።

እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሁሉም በእኔ ጽሕፈት ሰፈረ። ለልጃቸውም ወረቀቱ እኔ ዘንድ እንዳለ ነገሩት፤ ምን እንደሚል ግን አልነገሩትም።

ከዚያ እኔ ባሌ ወዳለበት ወደ ስቶክሆልም መጣሁ፣ ወረቀቱም አብሮኝ መጣ። ዛሬ የምንኖረው ከከተማው ዳር፣ አልቢ ነው፤ የምሠራውም በአረጋውያን መኖሪያ ነው። እዚህ አገር ሰው ሞቶ ለመቀበር ሳምንታት ይጠብቃል፤ ቀብር እንደ ሐኪም ቀጠሮ ይያዝለታል። እዚያ ግን ዛሬ የሞተ ነገ ይቀበራል፣ ማስታወቂያውም በሰዓታት ውስጥ ይለጠፋል። ባሌ ይህን አያውቅም።

ባለፈው ክረምት አንድ ዓርብ ጠዋት ልጃቸው ደወለ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ስልኬን አላነሳሁም፣ ለባሌ ደወለለት። እናቱ ማረፋቸውንና ወረቀቱን ቶሎ እንድልክለት ነገረው። ባሌም ማንኛውም የአገሬ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፣ ደበቀኝ። ማታ እራት በላን፤ ቀልድም ነግሮኛል። ቅዳሜ ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳና ሦስት ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። መርዶዬን በወጉ ተረዳሁ። ጮኼ አለቀስኩ።

እንባዬ ጋብ ሲል ባሌ፣ "ልጅየው ስለ አንድ ወረቀትም ሲያወራ ነበር" አለኝ።

"መቼ ነው የደወለው?"

"ትናንት ጠዋት።"

"ትናንት! እና እስካሁን ዝም?"

"የሥራ ፈረቃሽን ሳትጨርሺ ልንገርሽ? ቱነልባና ባቡር ላይ ብቻሽን ሆነሽ እንድትሰሚው? ወረቀቱ የት ይሄዳል ብዬ ነው።"

ልጃቸው ጋ ስደውል ማስታወቂያው ከተለጠፈ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ፎቶውን ላከልኝ። የማተሚያ ቤቱ ቃል ነው፤ "ዘጠና አንድ ዓመት" የሚለው በደማቁ ታትሟል፣ መረብ የሚባል ነገር የለም። ባሌ ላይ ጮህኩበት። ግን ምን አጠፋ? የእሱ እናት ቢሆኑ እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

"በሠላሳኛው ቀን ጸሎት አለ፣ ያኔ ሌላ ወረቀት ይለጠፋል" አለኝ ልጃቸው። "እናቴ ያለችውን ላኪልኝ።"

ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ጻፍኩት። መጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። በእኔ እጅ የተጻፈ፣ ምስክር የሌለው ወረቀት ነው። እንዲያውም በእኛ ምክንያት አንዴ ዘግይቷል። አሁን ስሜን ብጨምር ሳይጠሩት አቤት እንደማለት መሰለኝ። ተውኩት፣ ላኩለት።

ወዲያው ደወለ። "መረብ ጠጋኟ" ብሎ አነበበ። "ይህን የምትለው እናቴ ብቻ ናት። አንዲት ቃል አልነካም፣ እንዳለችው ይታተማል። ሌላስ የተናገረችው አለ?"

ያኔ ብናገር ያምነኝ ነበር።

"የለም፣ ይኸው ነው" አልኩት።

ዋሸሁ። የሟችን ቃል ለገዛ ልጃቸው አጉድዬ ሰጠሁ፤ ያጎደልኩትም ስለ እኔ የተናገሩትን ብቻ ነው። ይቆጨኛል።