ዝሆኔ የተሸነፈበት ቅዳሜ

ልጅ ሆኜ ፊልም የማየው በጆሮዬ ነበር። ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት አትገባም። ይህ የትም ተጽፎ አላየሁም፤ ቢሆንም እናቴ ታውቀዋለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም ማንም ሳይነግረኝ አውቄው አደግሁ። ስለዚህ ከመሳለሚያ ወረድ ብሎ በነበረው በጋሽ ወልዴ ቪዲዮ ቤት የታየ ፊልም ሁሉ እኔ ዘንድ የሚደርሰው በሁለት ዓመት በሚበልጠኝ ወንድሜ በነስሩ አፍ ነበር።

ቤታችን ጭድ ተራ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ መርካቶ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ፍራሽ ይሰፋል። በራችን ላይ በቆርቆሮ የከለላት አንዲት ጠባብ ሥራ ቦታ ነበረችው፤ ጭዱ እዚያ ይራገፋል፣ ጨርቁ እዚያ ይዘረጋል። የጭዱ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ፀሐይ ሲመታው ደስ ይላል፤ ዝናብ ሲነካው ግን የረጠበ ውሻ ይሸታል። ነስሩ ከቪዲዮ ቤት ሲመለስ ተሰፍተው የተደረደሩት ፍራሾች ላይ ዘሎ ይወጣል፣ እኔ ከታች እግሬን አጣጥፌ እቀመጣለሁ፣ ፊልሙም ይጀመራል።

ቡጢው፣ የሚሰበረው መስተዋት፣ የሚጮኸው ውሻ፣ የምታለቅሰው ሴትዮ፣ ሁሉም ነስሩ ነበር። ፊልሙ የሚወራበትን ቋንቋ አንድ ቃል አይሰማም፤ ግን ማን ለማን ምን እንዳለ ሳይደነቃቀፍ ይነግረኛል። አባቴ ከመርፌው ሳይነቀል ያዳምጥ ነበር። ወሳኙ ቦታ ላይ ስንደርስ አንዳንዴ ክሩን መጎተቱን ያቆምና፣ እንዳየሁት ሲያውቅ ጉሮሮውን ጠርጎ ይቀጥላል።

የጀግኖቹንም ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን። ትክክለኛ ስማቸውን ማንም አያውቅም ነበር። አንደኛው ክንፍ ያለው፣ ግራጫ ካባ ለብሶ ከፎቅ ፎቅ የሚበር ቀጭን ሰው ነው፤ አሞራው አልነው። ሌላኛው ሲራመድ መሬት የሚያንቀጠቅጥ፣ መኪና በአንድ እጁ የሚገለብጥ ግዙፍ ነው፤ እሱ ዝሆኔ ሆነ። አሞራው አራት ክፍል ነበረው፣ ዝሆኔ ሦስት። ነስሩ የአሞራው ደጋፊ ነበር። የቅርብ ጓደኛው ብርሃኑ ደግሞ የዝሆኔ።

ብርሃኑ የግድግዳ ጎረቤታችን ልጅ ነው። አባቱ ቁልፍና ማጠፊያ የሚሸጡ የጉራጌ ነጋዴ ነበሩ። ብርሃኑና ነስሩ አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አንድ ኳስ ይጫወታሉ፣ አንድ ዳቦ ገምሰው ይበላሉ፤ የሚጣሉት በዚህ ጉዳይ ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደረጃ ያወጣሉ። ከአሞራው ፊልሞች የትኛው ክፍል ይበልጣል? ነስሩ ሁለተኛው ይላል፤ አሞራው አባቱን የሚያጣው እዚያ ነው። ብርሃኑ በአንደኛው ይሟገታል፤ አሞራው እየወደቀ እየተነሳ መብረር የሚማረው እዚያ ስለሆነ። እኔም ጣልቃ እገባና «ሦስተኛው ነው!» እላለሁ። ያን ጊዜ ሁለቱም ይስቁብኛል።

«ያላየሽውን ፊልም ምን ብለሽ ነው ደረጃ የምታወጪው?» ይለኛል ብርሃኑ።

አየሁት እል ነበር፤ አልዋሸሁም። ዛሬ ሳስበው ግን ደረጃ የምሰጠው ለፊልሙ አልነበረም። ሦስተኛውን ነስሩ ሲነግረኝ ከፍራሹ ላይ ወድቆ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ ነበር የጨረሰልኝ።

ትልቁ ክርክር ግን ሁለቱ ቢገናኙ ማን ያሸንፋል የሚለው ነበር። ሰፈሩ ለሁለት የተከፈለበት ጉዳይ ነው። ብርሃኑ «አሞራው እየበረረ ይኖራል እንጂ ምን ያደርገዋል? ደክሞት የወረደ ቀን አለቀለት» ይላል። ነስሩ «አሞራ መቼ ይደክመዋል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በጋሽ ወልዴ በር ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን አነበቡ። ሁለቱ ጀግኖች የተገናኙበት ፊልም መጥቷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይታያል። ነስሩ እየሮጠ መጥቶ ነገረኝ።

በማግስቱ ታመመ። መጀመሪያ ድካም መስሎን ነበር። በሦስተኛው ቀን እናቴ ፊቱን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ ዓይኑን ስታይ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ከአልጋ እንዳይነሳ፣ ዕቃው ለብቻ እንዲሆን፣ ልጅ እንዳይጠጋው ታዘዘ። ብርሃኑ በየቀኑ እየመጣ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ያየዋል እንጂ አይገባም። ከሁሉ የከፋው ምግብ እንቢ ማለቱ ነበር። እናቴ በማር ውኃ የራሰ ዳቦ ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «ነስሩዬ፣ አንድ ጉርሻ፣ ለኔ ስትል» ትለዋለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አባቴ ከሥራው እየተነሳ መጥቶ ያየውና ይመለሳል። በዚያ ሳምንት አንድ ፍራሽ ሁለት ቀን ወሰደበት።

ቅዳሜ ጠዋት ነስሩ እናቴን ጠራት።

«ዘሃራ ሄዳ ትይልኝ» አላት። «አይታ ከነገረችኝ እበላለሁ።»

እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጄን ይዛ፣ ራሷ ወሰደችኝ። የጋሽ ወልዴ ሚስት እትዬ አበበች በር ላይ ቆሎ ይሸጡ ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው ጉዳዩን ነገረቻቸው። እትዬ አበበች ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አብሽሪ፣ ከጎኔ አትርቅም» አሉ። ክርስቲያን ሆነው ሳለ ከኛ ከሙስሊሞቹ ጋር ሲያወሩ አይዞሽን ትተው አብሽሪ ማለት ይወዱ ነበር። ብርሃኑ ከኋላችን ተከትሎ መጣ።

እናቴ ተመለሰች፤ እኛ ከእትዬ አበበች ጋር በበሩ ፈንታ የተንጠለጠለውን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርገን ገባን። ውስጡ ጨለማ ነው፣ የእግር ላብ ይሸታል፣ አግዳሚው ላይ ልጆች እንደ ማገዶ ተደርድረዋል። ከፊት አንድ ቴሌቪዥን ተቀምጧል። በቃ እሱ ነው? ብዬ አሰብኩ። ነስሩ የሚነግረኝ ሰማይ የሚያህል ነገር ነበር። አሞራው ብቅ ሲል ደግሞ ይበልጥ ተከፋሁ። ካባው የተጨማደደ ነው፣ ሲበርም ድምፅ የለውም። ወንድሜ አፍ ላይ ሲበር ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ይነፍስ ነበር።

ቢሆንም ብዙም ሳልቆይ ተመሰጥኩ። መጨረሻው አካባቢ ሁለቱ አንድ ሰፊ ግንብ ላይ ተገናኙ። ዝሆኔ አሞራውን በካባው ጎትቶ ጣለው፣ ክንፉን ሰበረው። አሞራው ተንበረከከ። ተንበርክኮም አለቀሰ፣ እጁን አጣምሮ ለመነ። ቤቱ በፉጨትና በጩኸት ተናጋ፤ የዝሆኔ ደጋፊዎች አግዳሚው ላይ ቆሙ። እኔ ዞሬ ብርሃኑን ፈለግኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቀን ነበር። ተቀምጦ ጉልበቱን ይቧጥጣል።

ስንመለስ መሳለሚያ ላይ ታክሲዎች ይጣራሉ፣ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ፤ እኔና ብርሃኑ በመካከላቸው እየተሹለከለክን እንሄዳለን።

«ምን ልትይው ነው?» አለኝ ብርሃኑ።

«እንጃ።»

«ለመነ እንዳትይው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

ትንሽ ሄደና ቆመ። «አሞራው አሸነፈ በይው።»

«አንተስ? ቢጠይቅህስ?»

«እኔም አሸነፈ እለዋለሁ። ዝሆኔ ምን ይሆናል? እሱ አልታመመም።»

ነስሩ ትራስ ተደግፎ ይጠብቀን ነበር። ከአልጋው ራቅ ብዬ ቆምኩ። እሱ በሚነግረኝ መንገድ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ድምፄ ሰለለ፣ በኋላ ራሴን ረሳሁ። ግንቡ ላይ ስደርስ ክንፉን ሰበርኩት፣ ያንን መተው አልቻልኩም። አንበረከክሁትም። ከዚያ ግን አስነሳሁት። በተሰበረ ክንፉ ወደ ፀሐይ አበረርኩት፣ ዝሆኔም ቀና ብሎ ሲያየው ዓይኑ ጠፋበትና ከግንቡ ወደቀ። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ስጨርስ ነስሩ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እውነቷን ነው?»

ብርሃኑ የመስኮቱን ብረት ይዞ «ተሸነፍኩ እኮ! ሁለቴ አታስብለኝ» አለው፤ በእውነት የተናደደ ይመስል ነበር።

ነስሩ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ ከዓይኑ ቢጫነት ጋር አስፈሪ ነበር፣ ግን ሳቀ። እናቴ ዳቦውን አቀረበችለት፤ ሁለት ቁራጭ በላ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ወደ ሥራው ሲመለስ ራሴን ዳበሰኝና «የታመመ ሰው ግማሽ መድኃኒቱ ጨዋታ ነው» አለ። የነገርኩት ያየሁትን ፊልም እንዳልሆነ ገብቶት እንደነበር እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ።

ከወር በላይ ተኝቶ ዳነ። በወጣ በመጀመሪያው ቀን የሚሆነውን እኔም ብርሃኑም ረስተነው ነበር። ነስሩ የአሞራውን ድል ሊያወራ መሳለሚያ ሄደ፤ ልጆቹ ሳቁበት። አንዱ ተንበርክኮ እያለቀሰ አሳየው። ቤት ሲመለስ ፊቱ እንደገና የታመመ ሰው ፊት ሆኗል።

«ዋሻችሁኝ» አለ።

ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ ብርሃኑንም በመንገዱ አልፎት ይሄዳል። በልጅነቴ ከዚያ የረዘመ ሦስት ቀን አላስታውስም። ብርሃኑ በየማታው መጥቶ በራችን ላይ ይቀመጣል፣ ነስሩ አይወጣም፣ እሱም ተነስቶ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን ፊልሙ ድጋሚ ታየ። ነስሩ ብቻውን ሄደ።

ሲመለስ ፍራሾቹ ላይ አልወጣም። መጥቶ ከጎኔ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እውነትም ይንበረከካል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ደሞ ያለቅሳል።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ።»

አንድ ዘለላ ጭድ አንስቶ ሲሰባብር ቆየ። «ያንቺ ይሻላል» አለኝ በመጨረሻ። «ግን ክንፉ ተሰብሮ እንዴት በረረ? እዚያ ጋ አላሳመንሽኝም። አስተካክይው።»

ከዚያ ተነስቶ የብርሃኑን በር አንኳኳ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ብቻ ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም እየጮኹ መጡ፣ ደረጃ ሲያወጡ ነበር። የቪዲዮ ቤቱንና የኔን እንደ ሁለት ፊልም ቆጠሩት። ብርሃኑ የቪዲዮ ቤቱን አንደኛ አደረገ፤ ነስሩ የኔን። እኔ ክንፉን ሳስተካክል ክረምቱ አለፈ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሴት ልጆች የኔን ሊሰሙ ከፍራሾቹ ሥር ይሰበሰቡ ነበር፤ ነስሩም አብሯቸው ይቀመጣል።

አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባለመስተዋት ፎቅ ቆሟል። ቤታችን ሲፈርስ የብርሃኑ ቤተሰቦች ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ፤ የት እንደሆነ ያን ጊዜ ሰምቼ ነበር፣ ረሳሁት። አባቴ ሲሞት ለቅሶ ላይ ብርሃኑን አየሁት፤ ወፍሯል፣ ፂሙ ሸብቷል። አቅፎኝ አለቀሰ። ስልኩን ሳልቀበለው ሰው መጣና ተለያየን። ነስሩ ኮምቦልቻ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። ለኢድ እንደዋወላለን፣ ሰው ሲታመምም እንደዋወላለን።

የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ ፊልም የሚያየው በስልኩ ነው። እሱና እኩዮቹም ደረጃ ያወጣሉ፣ የትኛው ጀግና ከየትኛው ቢገጥም እያሉ ቀኑን ሙሉ ይከራከራሉ። ባለፈው እሑድ ከጎኑ ተቀምጬ አየሁት፤ ጣቱ አያርፍም።

«ከማን ጋር ነው?» አልኩት።

«ከግሩፑ ልጆች ጋር።»

«የት ሰፈር ናቸው?»

«እንጃ እማ። አላውቃቸውም።»

«አንዱ ቢታመም በምን ታውቃላችሁ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄዬ የገባው አልመሰለኝም ነበር፤ ግን ጥቂት አስቦ «አንዱ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆነው። በጣም ነበር የሚከራከረው» አለኝ።

«ጠይቀዋ ታዲያ።»

ትከሻውን ነቀነቀና ጻፈለት። ሰላም ነህ ወይ፣ የት ጠፋህ የሚል ነበር። አብረን ጠበቅን። መልስ አልመጣም። ልጄ ወደ ክርክሩ ሲመለስ እኔ ስልኬን አንስቼ ነስሩ ጋ ደወልኩ። ኢድ አልነበረም፣ የታመመም ሰው የለም።

«ምነው ዘሃራ? ደህና ናችሁ?» አለኝ፤ ድምፁ ደንግጧል።

«ደህና ነን» አልኩት። «እንዲሁ ነው የደወልኩት።»