የእቴቴ እግር

የውበት ሙያ ልማር ስመዘገብ የጠበቅሁት ሊፒስቲክ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ግን እጅ ስለ መታጠብ ስንማር አለቀ። አስተማሪያችን ወደ ማስተማር ከመምጣቷ በፊት ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች፤ ነርስነቱም ገና አልለቀቃትም። ክፍል ገብታ ሰሌዳው ላይ ሦስት መስመር አሰመረች። ከላይ ስሱ ቆዳ፣ ከመሃል ደምና ላብ ያለበት ወፍራሙ፣ ከስር ስቡ። «እናንተ የምትሠሩት የላይኛው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፋችሁ ሰው አቁስላችኋል» አለች። ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ «ታዲያ ቅንድብ መቼ ነው የምንማረው?» ብላ አንሾካሾከች። የኔንም ጥያቄ ነው የጠየቀችልኝ።

ሚዛን ከተማ ተቀምጦ ንጽህና መማር ቀላል አይደለም። ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ ያጠብነው ፎጣ ሳይደርቅ መሽተት ይጀምራል። አስተማሪያችን እያንዳንዱን ፎጣ አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ታሸታለች። ትንሽ እርጥበት ካገኘችበት ወደ ባልዲው ትመልሰዋለች፤ የደረቀውንም ቢሆን ሳንተኩስ አታስነካንም። «ይሄንን ፎጣ ለሁለት ሰው ብታደርጉት የአንዷን ጭርት ለሌላዋ አካፈላችሁ ማለት ነው» ትላለች። ለአንድ ሰው አንድ ፎጣ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጓንት። ጓንቱን ሁላችንም እንጠላው ነበር። እጃችንን ያልበዋል፣ ደግሞም እርስ በርስ ስንለማመድ «ምነው፣ ተጸየፍሽኝ እንዴ?» መባባላችን አልቀረም። በእኛ አገር ሰው በጓንት መንካት ስድብ ነው የሚመስለው።

የእግር እንክብካቤ ላይ ስንደርስ ለተግባር ፈተናው እያንዳንዳችን ከውጭ አንድ ሰው እንድናመጣ ታዘዝን። «ቢሮ ውላ የምትገባ ሴት እግር አታምጡልኝ። መሬት የረገጠ እግር አምጡ» አለች አስተማሪያችን። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እቴቴ ትዝ አለችኝ።

እቴቴ የምላት የእናቴን ታላቅ እህት ነው። እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቤቷ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ተሄዶ፣ ከመኪናው ተወርዶ በቡናው መሃል በእግር የሚገባበት ነው። ቡና ትለቅማለች፣ ጎደሬ ትተክላለች፣ ብቻዋን ትኖራለች። አግብታ አታውቅም። ለምን እንዳላገባች ጠይቄያት አላውቅም፤ ኃይለኛ ስለሆነች ይመስለኝ ነበር። ቁጣዋን የቀመሰ ሰው እንደኔው ነው የሚያስበው።

እቴቴ ከቤት ስትወጣ ሁልጊዜ የላስቲክ ቦቲ ታደርጋለች። በእኛ አካባቢ ቦቲ የሚያስገርም ነገር አይደለም፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ስለሚውጥ ሁሉም ሰው ያደርገዋል። እሷ ግን በበጋም ታደርገዋለች፣ ለገበያም፣ እሁድ ቤተክርስቲያን ስትሄድም። ምክንያቱን የማውቀው አብሬያት ስላደግሁ ነው። ግራ እግሯ ዝሆኔ አለበት። ከጣቶቿ ጀምሮ እስከ ጉልበቷ አብጦ፣ ቆዳው ጠንክሮ ተሰነጣጥቋል። ውሃ እብጠቱን ያባብሰዋል የሚል ነገር ከየት እንደሰማች አላውቅም፤ ብቻ እንዳይነካው ብላ በፌስታል ትጠቀልለውና ቦቲው ውስጥ ትከተዋለች። ዝናቡ እንዳይገባ ብላ ነው። ላቡ ግን የት ይሂድ? እዚያው ታፍኖ ይውላል፣ ስንጥቁ ይረጥባል፣ ከዚያ መሽተት ይመጣል። ዝናብና ጭቃ ያለበት አገር የሚኖር፣ እግሩን ለመደበቅ ቦቲ የተመቸው ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ዓይነት ስህተት የሚሠራ የለም።

ባለፈው ክረምት ቤተክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ወደ ሌላ ወንበር ተዛወረች። ያንን እቴቴ አልነገረችኝም፤ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤተክርስቲያን አልሄደችም። ቀጥሎ ገበያ መውጣት ተወች፤ ጨውና ሳሙና ጎረቤት እንዲገዛላት ትልካለች። በዘፈቀደ የምትቆጣኝ፣ ስትዘምር ድምጿ ከሁሉ በላይ የሚሰማው ሴት ቤት ውስጥ ተዘግታ ቀረች። እጅግ ፈራሁ። እንደዚሁ ከተዘጋች በኋላ መቼም አትወጣም ብዬ ፈራሁ።

አስተማሪዬን ከክፍል በኋላ ብቻዋን አግኝቼ ስለ እቴቴ እግር ጠየቅኋት። «ስንጥቁ ቁስል አለው?» አለችኝ። አለው አልኳት። «እንግዲያው ፔዲኪር አይሠራም። ቁስል የኛ ሥራ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ማጠብ ግን ማንም ይችላል። በሳሙናና በንጹህ ውሃ በየቀኑ ትጠበው፣ በጣቶቿ መሃል ሳይቀር ይድረቅ፣ ቫዝሊን ይቀባ፣ ካልሲና የሚተነፍስ ጫማ ታድርግ። ስትቀመጥ ከፍ አድርጋ ትስቀለው። ደግሞ አትፍሪ፣ በመንካት አይጋባም።» አመስግኛት ወጣሁ። እኔ ከልቤ መጠየቅ የፈለግሁት ሌላ ነበር፤ እሱን አፌ አልደፈረም። ሰው «ዘሩ ነው» ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። የእቴቴ እናት፣ አያቴም፣ ነበረባት ይላሉ። ማታ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴን በጣቴ ጫን አድርጌ ማየት ልማዴ ነበር።

ቅዳሜ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ የተተኮሰ ፎጣና ጓንት ይዤ ሄድኩ። እቴቴ ጎደሬ እየላጠች ነበር።

«እቴቴ፣ ለፈተና ሰው አምጡ ተብለናል።»

«ታዲያ ሰው ጠፋ? መንደሩ ሙሉ ሰው አይደል?»

«አንቺን ነው የምፈልገው። እግርሽን።»

ቢላዋው ቆመ። ከዚያ ደግሞ መላጧን ቀጠለች። «አንቺ ልጅ፣ ከተማው አሳብዶሻል» አለች።

«አላበድኩም።»

«እኔ ባልመጣ ትወድቂያለሽ?»

«አልወድቅም። ሌላ ሰው እወስዳለሁ። ያንቺ እግር ግን እንዳለ ይቀራል።»

ቢላዋውን አስቀምጣ «በሩን ዝጊ» አለች። ዘጋሁት። «መስኮቱንም።» እሱንም ዘጋሁት።

ቦቲውን አብረን ነው የጎተትነው። ፌስታሉ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሽታው ከባድ ነበር፤ አልዋሽም፣ ትንፋሼን ያዝ አድርጌያለሁ። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረብኩ፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ እንደተማርኩትም ጓንቴን አወጣሁ። እቴቴ ጓንቱን ስታይ እግሯን ቀሚሷ ስር ሰበሰበች።

«ይሄን ነገር የማውቀው ሬሳ ሲታጠብ ነው» አለች። «ገና አልሞትኩም።»

«ተጸይፌሽ አይደለም እቴቴ።»

«እና ምንድን ነው?»

«ቆሻሻዋ እኔ ነኝ። በሚኒባስ መጣሁ፣ ብር ቆጠርኩ፣ ስንት ሰው የነካውን በር ያዝኩ። ቁስልሽ ክፍት ነው። የኔ እጅ እንዳይመርዝሽ ነው።»

እውነቴን ነበር፤ እሷ ግን ያባበልኳት መሰላት። እግሯን አላወጣችም። እንዲህ ተፋጥጠን ተቀመጥን። እኔም እንደሷው ቁጡ ነኝ፤ ደሜ ፈላ። ሳፋውን ወደ እሷ ገፋሁና «እንግዲያው በራስሽ እጅ እጠቢው! የራስሽን እጅ አትጸየፊውም!» አልኩ።

እቴቴ ውሃውን አየችው። «እኔም አልነካውም» አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ቀስ ብላ ስትናገር ነው የገባኝ። ያንን እግር በእጇ ነክታው አታውቅም። ፌስታሉን በዱላ ጫፍ ታወልቃለች፤ አዲሱን ፊቷን አዙራ ታስራለች። ያብጣል ብላ ውሃውን ፈራች ማለት ብቻ አልነበረም፤ እግሯን ራሷ ተጸይፋው ነበር። ቁጣዬ ሁሉ ጠፋ፤ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። «ምን ያስለቅስሻል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

አንዱን ጓንት ለራሴ አደረግሁ፣ ሌላውን ለእሷ ሰጠኋት። ጎን ለጎን ተቀምጠን ያንን እግር ሁለታችንም አጠብነው። በመጀመሪያ በጣቷ ጫፍ ብቻ ነበር የምትነካው፣ እንደ ትኩስ ድስት። ከዚያ የስንጥቁ መሃል ያለውን ጭቃ ለማውጣት ጎንበስ አለች፤ አጠባው እያስቸገራት ሲሄድ ደግሞ ጓንቱ «እጄን አሰነፈው» ብላ ተማረረች። ውሃው ሦስቴ ተቀየረ። ሦስተኛው ላይ ቆዳዋ ምን ዓይነት እንደሆነ መታየት ጀመረ።

ቀጥሎ የሆነው ተአምር አይደለም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ እየተነጫነጨች ሄደች፣ ቁስሉን አከሟት። ማጠቡን ከዚያ በኋላ ራሷ ያዘችው። ጫማ ሰፊው ለግራ እግሯ ከቀኙ የሰፋ የቆዳ ጫማ ሠራላት። እያደር ቁስሉ ደረቀ፣ ሽታው ጠፋ፣ እብጠቱ ትንሽ ቀነሰ። እግሯ እንደ ቀኙ አልሆነም፤ አይሆንምም። እሷ ግን የጎረቤት ልጅ መላክ ትታ ጨውና ሳሙናዋን ራሷ መግዛት ጀመረች።

ለተግባር ፈተናው ስትመጣ አዲስ ሻርፕ ለብሳ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሌሎቹ ልጆች ያመጧቸው እናቶችና እህቶች በየወንበራቸው ተቀምጠዋል። እቴቴ ወንበሯ ላይ ቁጭ እንዳለች ቀጥ ብላ ቀረች። አስተማሪያችን አጠገቧ ተንበርክካ «እናቴ፣ ልጆቹ ቢያዩት ይፈቅዳሉ? ካልፈቀዱ ምንም አይደለም» አለቻት። እቴቴ እኔን አየችኝ፤ ከዚያም ካልሲዋን ራሷ አወለቀች። ማንም አፍንጫውን አልያዘም። ቆዳውን መርምሬ ያየሁትን ተናገርኩ፤ ምን መሥራት እንደምችል፣ ምን መንካት እንደሌለብኝ ተናገርኩ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቀባሁ።

ስጨርስ ያቺ ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች። «ይሄ ግን በዘር የሚመጣ አይደለም እንዴ?»

ጆሮዬ ቆመ።

«ከአፈሩ ነው» አለች አስተማሪያችን። «ቀዩን አፈር ዓመታት በባዶ እግር ከረገጡት በቆዳ ይገባና ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል። አንዳንድ ቤተሰብ ከሌላው በላይ ይነካዋል፤ ስለዚህ ነው ሰው ዘር የሚለው። ግን ከእንደዚያ ያለ ቤተሰብ የተወለደ ልጅም ቢሆን ከሕፃንነቱ ጫማ አድርጎ፣ እግሩን እየታጠበ ካደገ አይታመምም።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን በደንብ አልሰማሁም። ደስ ብሎኝ ነበር። ለራሴ ነው ደስ ያለኝ፤ ቁርጭምጭሚቴን በጣቴ እየተጫንኩ ያሳለፍኳቸው ማታዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የወረዱልኝ መሰለኝ። ፈተናውንም አለፍኩ። እቴቴን ደግፌ ስወጣ በሳቅ አፌ አልገጠመም።

እሷ ግን አዲሱን ጫማዋን እያየች ነበር የምትራመደው። ደክሟት ነው ብዬ ባጃጅ ያዝኩ፤ ወደ መናኸሪያ ሄድን። የቴፒው ሚኒባስ እስኪሞላ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«አስተማሪሽ ያለችው እውነት ነው?» አለችኝ።

«የቱ?»

«የዘሩ።»

«እውነት ነው እቴቴ። ነርስ ነበረች።»

እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰው ሲሳፈር ታይ ነበር። «ላግባሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር» አለች። «ደህና ሰው። እግሬን አይቷል፣ ግድ የለኝም ብሏል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ልጅ ወልጄ ይህን እግር ላወርሰው ነው? ብዬ እምቢ አልኩ።»

እጇን ያዝኩ፤ አልከለከለችኝም። ረዳቱ ለቴፒ መንገደኞች መጣራት ጀመረ፣ እሷ ግን አልተነሳችም።

«ጫማ ነው ያለችው፤ አይደል?» አለችኝ። «ጫማ ብቻ?»

«አዎ እቴቴ። ጫማና ውሃ።»

ራሷን ወዘወዘች። «ላንቺስ ገዝቼ የለ?» አለች። «ጫማማ ለልጄም እገዛለት ነበር።»