አሜን የተባለበት አንቀጽ

ሸዋ ሮቢት ላይ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የማንም አይደለም። አስፋልቱ ከሩቅ ውሃ መስሎ ይታያል፤ ሰው ማንጎ ጥላ ሥር ዓይኑን ከደን አድርጎ ይቀመጣል። በደርግ ዘመን፣ የዚያ የ1978 ሰኔ ስብሰባም ትዝ ሲለኝ እንደዚሁ በእንቅልፍ ልቤ ያየሁት ይመስለኛል።

ረቂቅ ሕገ መንግሥቱ ለውይይት ወጥቶ ቀበሌው ሁላችንንም አዳራሽ ሰብስቦናል። ካድሬው ያነባል፣ እኛ እናንጎላጃለን። ወንድሜ የለም። ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይወስዱት እናቴ አሊዩ አምባ፣ እህቷ ቤት ደብቃዋለች። ካድሬው የጦርነትና የሰላም ጉዳይ ወደፊት በሚመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ ይወሰናል የሚለው ላይ ሲደርስ እናቴ ነቃች።

«ጓድ ልጄ» አለችው፤ ሁለቱንም ማዕረግ ሰጥታ። «እንግዲህ አንድ ሰው ብድግ ብሎ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ዝመቱ ማለት ቀረ?»

«ቀረ እናቴ። ሸንጎው ተቀምጦ ካልወሰነ አይሆንም።»

«የጻፉት ሰዎችስ ልጅ አላቸው?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ካድሬውም ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር ሳቁ ደግ ነበር። «አርቃቂዎቹ በደንብ አስበውበታል» አላት።

ያኔ የደም ፀብ ሲያስታርቁ የኖሩት ሙስሊሙ ሽማግሌያችን ተነሡ። መዳፋቸውን ዘርግተው «ያረቢ፣ ይህን ቃል አጽናልን! ብቻውን ጦር የሚያስነሳን እጁን ያዝልን!» አሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘርግቶ «አሜን!» አለ። ካድሬው ምን ያድርግ? እሱም አሜን አለ። በእኛ በይፋት ደግሞ ሽማግሌ ዱአ አድርጎ አሜን የተባለበት ነገር አለቀለት፤ ያንን ያፈረሰ ቤቱ አይቆምም። ገና ረቂቅ መሆኑን ማን ልብ ይበለው!

በማግስቱ እናቴ አሊዩ አምባ ላከች። «ልጄ ይምጣ፤ አሜን ተብሏል» ነበር መልእክቷ።

መጣ። ማሽላው ሲያፈራ የእንጨት ማማው ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ያባርር ጀመር። ጩኸቱ በሙቀቱ ውስጥ እየቀለጠ እስከ ወንዙ ድረስ ይሰማል። እናቴ ከታች ሆና «ኧረ ወፎቹስ ይሁን፣ እኛን አደነቆርከን!» እያለች ትስቃለች። ወይ ያ ሳቅ! እንደዚያ ስትስቅ ዳግመኛ አልሰማኋትም።

አንድ ቀን ታጣቂዎች በመኪና መጥተው ከማማው አውርደው ለውትድርና ወሰዱት።

እናቴ ከመኪናው ኋላ ሮጠች። «አሜን ተብሏል! እናንተ ሰዎች፣ አሜን ተብሏል እኮ!» ሽማግሌው መንገድ ዳር ቆመው የገዛ መዳፋቸውን ያዩ ነበር።

ሕገ መንግሥቱ ጸድቆ ታትሞ ሲመጣ ወንድሜ ሰሜን ግንባር ነው፤ ወሬው ከጠፋ ቆይቷል። እናቴ ያንን አንቀጽ ፈልጊልኝ አለችኝ። ማንጎው ሥር ተቀምጠን አነበብኩላት።

«አለ?»

«አለ እማዬ። ጦርነት የሸንጎው ነው ይላል።»

ባዶውን ማማ ብዙ አየችው።

«ሸንጎው እኮ ገና አልተቀመጠም ነበር» አለች። «ታዲያ ልጄን የወሰደው ማን ነው?»