«ልጅ አለዎት?»

ባለፈው እሑድ ከጊዮርጊስ አስቀድሼ ስመለስ፣ ፒያሳ መንገድ ዳር ጃንጥላ ተክለው ጠረጴዛ የዘረጉ ወጣቶች አየሁ። የግል ኮሌጅ ሰዎች ናቸው። ድምፅ ማጉያቸው «ኑ ተመዝገቡ፤ ክፍት ቦታ አለን» ይላል። አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«እማማ፣ ልጅ አለዎት? የልጅ ልጅም ይሁን፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ?»

«የለኝም» አልኳት።

«ወይኔ እማማ፣ እርስዎም? ዘንድሮ እኮ ተማሪ በባትሪ ነው የምንፈልገው!» ብላ ሳቀች። ወረቀቱን ግን በእጄ አስያዘችኝ።

ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወረድኩ። ግማሽ መንገድ ላይ እግሬ ቆመ። ቤት ውስጥ ናሆም አለ፤ የማሳድገው የልጅ ልጄ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ ስላላስገባው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚውል ልጅ። ታዲያ «የለኝም» ያለው ማን ነው? ድምፁን አወቅሁት። የአባቴ ነበር።

አባቴ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። አብዛኛው ሥራው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። እናቴ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተች፣ ያደግኩት በሱቁ መጋረጃ በስተጀርባ፣ በካውያ ከሰል ሽታና በጨርቅ ቁራጭ መካከል ነው። ፀጉሬን ያበጠሩኝ፣ ጾም መያዝና ዳዊት መድገም ያስለመዱኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናቸው። እሳቸውም ባላቸው ሞቶ አንድ ወንድ ልጅ ያሳድጉ ነበር። ስሙ ዳዊት ነው፤ ከእኔ ጥቂት ይበልጣል። ረጅም ነበር። በእኛ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ነበረበት።

ከአምስት ኪሎ ወዲያ አንድ ኮሌጅ ነበር። ስሙን አላነሳውም። የካርታና የሕንጻ ሥዕል ያስተምር ነበር፤ የሚቀበለውም ወንዶችን ብቻ ነው። በመመዝገቢያው ሰሞን የከተማው ጎረምሳ ገና ሳይነጋ በሩ ላይ ይሰለፋል፤ ዘበኞቹ የሚበዛውን ይመልሳሉ። ዳዊት ከማይመለሱት አንዱ ሆነ። ያን ዕለት ከፒያሳ ትኩስ ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቅልሎ መጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ የሥዕል ክፍሉ ይበርዳል አሉ። ጠንከር ያለ ኮት ይስፉልኝ።»

«አንተን የሚያለብስ ጨርቅ ከየት ይመጣል? ድንኳን መስፋት ይቀለኛል» አለው አባቴ።

እትዬ ዘነበች ግራጫ የሱፍ ጨርቅ ገዝተው አመጡ። አባቴ ለካ፤ ቆረጠ። እጅጌዎቹ ገና አልተያያዙም ነበር።

ደርግና ወጣቶቹ የተጣሉበት፣ ሬሳ መንገድ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ንጹሕ የለበሱ ሁለት ሰዎች እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆሙ። እትዬ ሽምብራ ይለቅሙ ነበር።

«አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ አለዎት?» አሏቸው።

«አለኝ እንጂ! ኮሌጅ ገብቶልኛል!» አሉ እትዬ፣ ፊታቸው እያበራ። ወደ ጓዳ ዞረውም ጠሩት። «ዳዊት! ና፣ እንግዶች ይፈልጉሃል።»

ጎንበስ ብሎ ወጣ። ወሰዱት።

እትዬ ዘነበች ስንቅ ሲያመላልሱ ከረሙ። አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ ዘበኛ ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላቸው። «ከእንግዲህ አታምጪ» አለ።  ያኔ የዚህን ትርጉም የማያውቅ እናት አልነበረም። ግን ሞተ ያላቸው የለም፤ ሬሳም አላዩም። ማልቀስ ክልክል ነው። ድንኳን ክልክል ነው። ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቢለብሱ እንኳ የሚያይ ዓይን ነበር። ስለዚህ ነጠላቸውን እንደ ደህና ሰው ለብሰው፣ ሳህኑን በክንዳቸው ይዘው በሱቃችን ፊት አለፉ።

አባቴ ኮቱን ሰፍቶ ጨረሰው። ቁልፉን ተከለ፣ ተኮሰው፣ ከስፌት መኪናው በላይ ባለው ሚስማር ሰቀለው። ልብስ ሰፊ ባለቤቱ ያልወሰደውን ልብስ አይሸጥም። ሌላ ጨርቅ ሲለካ ቀና ካለ ኮቱ ፊት ለፊቱ ነው። እኔም ማታ መጋረጃውን ስዘጋ ወደዚያ ላለማየት እሞክር ነበር፤ ትከሻው ሰው ያለበት ይመስላል።

ዓመቱ ዞሮ ክረምት ገባ። የዩኒፎርም ወቅት ነው። የቀሚስ ሥራ መጣ፤ የሱሪ ሥራ ግን አልመጣም። ለወንዶቹ ሱሪ የተገዛው የካኪ ጣቃ ጥጉ ላይ ቆሞ አቧራ ጠጣ።

«ወንዶቹ ሱሪ መልበስ ተዉ እንዴ?» አለ አባቴ አንድ ቀን፣ በቀስታ።  ግማሾቹ ሞተዋል፤ ግማሾቹ ታስረዋል፤ ሌሎቹ ሸሽተዋል ወይ ጦር ሜዳ ናቸው። ሬዲዮ ያልተናገረውን እሱ በጣቃው ያውቅ ነበር።

በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ጫማውን ጭቃ የዋጠው አንድ ሰው ገባ። እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ የተጠበሰ በቆሎ ጭኔ ላይ አድርጌ ቁልፍ እተክል ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ለሰፈሩ ተማሪ የሚሰፉት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«እሰፋለሁ።»

«እንግዲያው ያውቋቸዋል። አሥራ ሁለተኛን የጨረሱ እነማን ናቸው?»

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«እኔ የማውቀው ወገብና ቁመት ነው» አለ አባቴ። «ክፍል አላውቅም።»

«ሴቶችም ቢሆኑ። እንዲያውም ሴቶችን ነው የምንፈልገው። እርስዎስ ልጅ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ምንም?»

«እግዜር አልሰጠኝም።»

የበቆሎው ፍሬ አፌ ውስጥ ደረቀ።  አባቴ በእግዚአብሔር ስም ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም። ሰውየው አመስግኖ ወጣ። አባቴ መጋረጃውን ገልጦ አየኝ።  ያን ዕለት መኪናው ላይ እንደገና አልተቀመጠም። ኋላ የንስሐ አባቱ ጋ ሄዶ ተናዘዘ፤ ስግደትም ታዘዘበት። ሲሰግድ ጉልበቱ ይንቋቋ ነበር።

ወሬው የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው። እትዬ ዘነበች ከሌሎች እናቶች ሰምተው ነገሩን። ያ ዳዊት ሊገባበት የነበረው ኮሌጅ ተማሪ አጥቷል። ድሮ ከበሩ የሚመልሱት መምህራን አሁን በየሰፈሩ እየዞሩ ሴት ልጅ ይለምናሉ። ምዝገባው ከዘመን መለወጫ በፊት ያልቃል።

«ወጥመድ ነው» አለ አባቴ።

 አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። ውጤቴ መካከለኛ ነበር፤ በሌላ ዘመን የሚጠራኝ የለም። መማር እንዴት እንደፈለግሁ የሚያውቀው አምላክ ነው። ግን የማንን ቦታ ነው የምመኘው? እትዬ ዘነበች ፊት ቀና ማለት አቃተኝ። እሳቸው ግን ፊቴን አንብበው ኖሯል።

«እኔ ሄጄ አያለሁ» አሉ።

«አንቺ? እዚያ ሄደሽ?» አለ አባቴ ደንግጦ።

«ከእኔ ምን ይወስዳሉ ጋሽ በቀለ?»

በማግስቱ በዝናብ ሄዱ። እኛ ጠበቅን። አባቴ አንዱን ጠርዝ ሰፍቶ ይተረትራል፤ መልሶ ይሰፋል። እትዬ ዘነበች ሲመለሱ ነጠላቸው ይንጠባጠብ ነበር። ባንኮኒው ላይ ተደገፉ።

«እውነት ነው። ትምህርት ቤት ነው። እዚህ መጥቶ የነበረው ሰውዬም መምህር ነው» አሉ። «አዳራሹን አሳየኝ። ወንበር ነው ያለው። ወንበር ብቻ።»

የነጠላቸውን ጫፍ ጨመቁ።

«የልጄን ስም ነገርኩት። ያስታውሰዋል። ‹ክፍሉ ይበርዳል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ረጅሙ ልጅ› አለኝ። ይበርዳል ወይ? አልኩት። ‹ይበርዳል እማማ› አለኝ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። እትዬ ዘነበች መጋረጃውንም በሩንም ዘጉ። ከዚያ ነጠላቸውን አወለቁና፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ አዘቅዝቀው መልሰው ለበሱት። ዳዊት ከተወሰደ ወዲህ እንዲህ ሲለብሱ የመጀመሪያቸው ነው። ወደ ሚስማሩ ተመለከቱ።

«አውርዱት። ለልጅቷ ቁረጡላት። ሥዕል ክፍሉ ይበርዳል።»

በማግስቱ አባቴ ቆቡን አድርጎ ከእኔ ጋር ወጣ። ከድልድያችን ተነስተን፣ ፒያሳን አቋርጠን፣ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገን ሽቅብ ሄደን ኮሌጁ ደረስን። መምህሩ ገና ሲያየው አወቀው።

«ልጅ የለኝም ብለውኝ አልነበረም?»

«ጌታዬ፣ ያን ዕለት አልነበረችኝም» አለ አባቴ። «ዛሬ አለችኝ።»

መምህሩ አልሳቀም። በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። «እኔም ወንድም አለህ ወይ ሲሉኝ የለኝም ነው የምለው» አለና ብዕሩን አነሳ። ስሜን ጠየቀ። አባቴ ነገረው። ስሜን ለመንግሥት ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

አባቴ ኮቱን ጠባብ አድርጎ ሰጠኝ። ስለብሰው ከበደኝ። ጎንና ጎኑን፣ የእጅጌውን ጫፍ ስነካው ውስጡ ወፍራም ነው። ገበሩን ገልጬ አየሁ። አንዲት ክር እንኳ አልቆረጠም። ትርፉን ሁሉ ወደ ውስጥ አጥፎ፣ አጥፎ፣ በረጅም ስፌት ይዞታል። እትዬ ዘነበች አጠገቤ ቆመው ነበር።

«ቁረጡት አልኩ እኮ» አሉ።

«የተቆረጠ ጨርቅ አይቀጠልም» አለ አባቴ። ዓይናቸውን አላየም። «ባለቤቱ ከመጣ እፈታዋለሁ።»

እትዬ ዘነበች እጃቸውን በኮቱ ውስጥ አስገብተው የታጠፈውን ጨርቅ ዳበሱ። ዳር እስከ ዳር ዳበሱት። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው እንደ ቀድሞው፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው ለበሱ። ግንባሬን ሳሙኝ።

«ሂጂ፣ ልጄ። ወንበሩን አሙቂልኝ» አሉኝ።

መስከረም ሲጠባ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሴቶች፣ ከገጠር የመጡና መኪና ሲያዩ የሚደነብሩ ልጆች፣ ከመሥሪያ ቤት የተላኩ ጎልማሶች ነበርን። የሰፈሬ ልጅ፣ ዳዊትን የሚያህል የአራዳ ጎረምሳ፣ አንድም አልነበረም። እነሱ የነበሩት ጠረጴዛው ላይ ነው። በምላጭ የቀረጹት ስማቸው ከወረቀቴ ሥር ይጎረብጠኝ ነበር። ቀጥ ያለ መስመር ለመሳል ስሞክር እርሳሱ በአንዱ ስም ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል። መምህሩ የተበላሸውን ወረቀት እያየ አይቆጣም ነበር። «ሌላ ወስደሽ ካርቶን ከሥሩ አድርጊ» ይል ነበር፣ ያንንም በዝቅተኛ ድምፅ።

አንዲት የውቤ በረሃ ልጅ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ምላሷ ስለት ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ኮቴን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «አንቺ፣ ውስጡ ማን አለ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። 

ክፍሉ ይበርድ ነበር። እኔ አልበረደኝም።

በዚያ ትምህርት ሥራ ያዝኩ። አባቴን ጦርኩበት፤ ልጆቼን አሳደግኩበት። ስለዚህ ሁሉ ተመስገን እላለሁ። ስል ግን ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ እትዬ ዘነበች የሚሰሙኝ ይመስለኛል። ዳዊት ይመጣል ብለው በር በሩን እያዩ ኖረው፣ በሰላም አረፉ። አባቴም ተከተላቸው። ኮቱ ሣጥኔ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ አሰጣዋለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ይሄን ውስጡን ለምን አታስቆርጪውም? ይቀልሽ ነበር» ይሉኛል። ስፌቱ የአባቴ እጅ ነው። የሚፈታው ባለቤቱ ሲመጣ ነው።

ይሄን ሁሉ ያሰብኩት እዚያው ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ ግንብ ተደግፌ ነው። ታክሲዎቹ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያሉ ያልፋሉ። ብዙ ወጣት ያልፋል። ወንዶች ልጆች፣ ሞልተው፣ እየተሳሳቁ። ወረቀቱ በእጄ ላይ ተጨማድዶ ነበር። ልጅቷ የጠየቀችኝ በቅንነት ነው። መምህሩም በቅንነት ነበር።

ሽቅብ ተመለስኩ። ጉልበቴ አሁን የአባቴን ይመስላል። ልጅቷ ከሩቅ አይታኝ ወንበር ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ምን ረሱ?»

«አለኝ» አልኳት።

«ምን አለዎት?»

«ልጅ። የልጅ ልጅ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሷል። ናሆም ይባላል።»

ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፤ የሚያልፉት ሰዎች ዞረው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሁሉም መንገዳቸውን ቀጠሉ። ልጅቷ ስሙን ጻፈች፤ ስለ ትምህርቱ ዓይነት፣ ስለ ሰዓቱ ትነግረኝ ጀመር። ሰማኋት። ስትጨርስ «ሌላ የሚጠይቁት አለ እማማ?» አለችኝ።

«አንድ ነገር» አልኳት። «ክፍሉ ይበርዳል ወይ?»