አክስቴ ስለ ጉልበታቸው ሲመክሩ

አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ነገር ሲቸግራቸው ያገኙትን ሰው ሁሉ «አንቺ ብትሆኚስ?» ብለው መጠየቅ ልማዳቸው ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመማቸው ሲጠና ደብረ ብርሃን ወሰድኳቸው። ሐኪሙ፣ ቀኝ ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና ቢቀየር ሥቃያቸው እንደሚቀል፣ በሽታው ግን ከሌላው መገጣጠሚያቸው እንደማይለቅ አስረዳቸው።

«እናትህ ብሆንስ ልጄ?» አሉት።

«እሷኑ እጠይቃት ነበር፣ እማማ።»

ለማንኛውም ብለን ቀጠሮ አስይዘን በሚኒባስ ስንመለስ አላስችል አላቸው። ሞላሌ ላይ «ይቅርብኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ስለት አይነካኝም» አሉ። መሐል ሜዳ ስንወርድ ደግሞ ክንዴን ጨብጠው፣ «ቆሜ ማስቀደስ አማረኝ። ልቀደድ!» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ቆረጡ፤ መወላወሉ ወደ እኔ ዞረ። አቅማቸው ይችለው ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ቀጠሮው ሳይደርስ ግን ሳንባ ምች ያዛቸውና በጥቂት ቀን ውስጥ አረፉ።

የቀጠሮው ዕለት ማለዳ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ተነሥቼ ዝም ብዬ መናኸሪያ ሄድኩ። የሚኒባሱ ረዳት አየኝና፣ «ደብረ ብርሃን ነው? ስንት ናችሁ?» አለኝ።

ወደ ጎኔ ዞር ብዬ አየሁ።