ሐጂ በብሎን የደፈኑት ሰኻን

ነገሩ የደረሰው ካርቱም ሳለሁ፣ ሞባይል በየሰው እጅ መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ በጥር ብርድ ነው። ዘመን ቢያልፈውም ሳስታውሰው ዛሬም ያንገበግበኛል።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራን እየፈታሁ እየገጠምሁ ራሴን አስተምሬያለሁ። ሐበሻ በሚበዛበት ዴም ሰፈር ውስጥ ሰኻን፣ ማለትም የውሃ ማሞቂያ፣ የተበላሸበት ሁሉ የሚጠራው እኔን ነበር።

አርካዊት ሰፈር በሚገኝ አንድ አሮጌ ቤት ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ ትሠራለች። የቤቱን ጌታ የሐጂን አሮጊት እናት የምታጥበው እሷ ናት። ሀቦባ፣ አያቴ እንደማለት፣ ትላቸዋለች።

አንድ ጧት ደወለችልኝ።

«አባባ፣ ሰኻኑ እንደ በሬ ያጓራል!»

«አጥፊው!»

«ሐጂ ሀቦባ ታጥበው ሳይጨርሱ እንዳትነኪው ብለዋል።»

በራክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ በረርሁ። ስደርስ ጉርምርምታው ግቢ ድረስ ይሰማል። ቀጥታ ሄጄ የቤቱን ቆጣሪ አጠፋሁ። ሐጂ ከሳሎን እየተቆጡ ወጡ።

«ያ ሐበሺ! በሰው ቤት መብራት ታጠፋለህ?»

«እንዲህ የሚያጓራው ማስተንፈሻው ሲደፈን ነው! ማን ነው የደፈነው?»

«እኔ! የሙቀቱን ወራት ሙሉ ጠብ ያላለ ሰኻን ሲበራ ያንጠባጥብ ጀመር። ሴራሚኬን አበላሸው። በብሎን ጠረቀምሁት፣ ኸላስ!»

ካርቱም የኖረ ያውቀዋል፤ በሙቀቱ ወራት የጣሪያው ታንከር ውሃ ስለሚፋጅ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀዳው ከጠፋው ሰኻን ነው። ያልሞቀ ውሃ ደግሞ አያንጠባጥብም። ሲሞቅ ግን ያብጣል፤ መውጫ ካጣ ጋኑን ይቀደዋል።

«እናትዎን ፈንጂ ሥር ነው ያስቀመጡት!» ብዬ እየጮህሁ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ሮጥሁ። «ዘይነባ፣ ያላ፣ ይዘሻቸው ውጪ!»

«ወላሂ ወንድ በር ላይ ቆሞ አልወጣም!» አሉ ሀቦባ ከውስጥ። ዘይነባም ጥላቸው አትወጣም።

እኔ፣ ሰፈር የሚያከብረኝ ሰው፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የልብስ ሳፋ አናቴ ላይ ደፋሁ።

ሀቦባ በአንሶላ ተጠቅልለው ሲያልፉ ቆም አሉ። «ዝቅ አድርገው፣ አገጭህ ይታያል!»

ሰኻኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኑን ስፈታ፣ ያን ጊዜም እያፏጨ ነበር። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ክፍልም ተቃጥሏል። ሐጂ ከኋላዬ ቆመው፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነም። አሁን ጠግነውና እንዳያንጠባጥብ አድርገህ ግጠመው» አሉኝ።

«ካላንጠባጠበ አይበራም።»

«እንግዲያው አይብራ!»

ሽቦውን ነቅዬ ወጣሁ። ሐጂ ሰኻኑን ያበላሸው ሐበሻው ነው ብለው ሰፈሩን አዳረሱ። ያን ብርድ ዘይነባ ውሃ በጋዝ እያፈላች በባልዲ ስታመላልስ ከረመች።

በኋላ ሱቅ ዐረቢ ገበያ አገኘኋት። «አባባ፣ ወገቤ አለቀ፤ ግን አለሁ» አለችኝ።

በመኖሯ እኮራለሁ፤ ያተረፍኋት እኔ ነኝ። ግን በአንድ ሰው እልህ ያን ሁሉ ባልዲ መሸከሟ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ሐጂን መንገድ ላይ ባገኛቸው አሁንም እጮህባቸዋለሁ።